የሚዳሰስ ጫካ

ጦርነት አልወድም። የጋሼን ጦርነት ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ችዬው ኖሬአለሁ፤ ምን ላድርግ፣ የእናቴ ልጅ ነው። ጋሼ ታላቅ ወንድሜ ነው፣ ሥራው ሰዓት መጠገን ነበር፤ ቅዳሜ ሲመጣ ግን ጄኔራል ይሆናል። እሱና ጓደኞቹ ከጎሚስታው በላይ፣ አንደኛ ፎቅ ላይ፣ አንዲት ክፍል ተከራይተው መሐሏ ላይ ሁለት አልጋ የሚያክል ጠረጴዛ አቁመዋል። እዚያ ላይ ኮረብታ፣ ወንዝ፣ ጫካና አጥር ይሠሩና የአውራ ጣት ቁመት የሌላቸውን የብረት ወታደሮች ደርድረው፣ በማስመሪያ እየለኩ፣ ባለ ስድስት ፊት ዳይስ እየወረወሩ ይዋጋሉ። ሁሉም ሽበታም፣ ግማሹ የልጅ ልጅ ያየ! ስንት ጊዜ ሆዴን ይዤ ስቄባቸዋለሁ።

ማኅበራቸው ሁለት ደንብ አለው። ሳልወድ በግዴ አውቃቸዋለሁ፤ ጋሼ ራት ላይ ሌላ ወሬ የለውም። አንደኛው፣ የተነካ ወታደር መንቀሳቀስ አለበት። ነካ አድርጎ፣ አስቦበት፣ መልሶ መተው የሚባል ነገር የለም። ሁለተኛው፣ ጠረጴዛው ላይ ያለው ነገር እንዳለ ይቆጠራል። ዛፉ ወታደሩን ከጋረደው ተጋርዷል፤ ፈረሱ በአጥሩ ቀዳዳ ካለፈ አልፏል፣ አለቀ። በዚህ ሰበብ እነዚያ ሁሉ ጎልማሶች ተንበርክከው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አገጫቸውን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስደግፈው፣ "ያየዋል"፣ "ከየት አባቱ ያየዋል" እያሉ ሲጨቃጨቁ ይውላሉ።

ከሦስት ዓመት ወዲህ ግላኮማ የጋሼን ዓይኖች ቀስ በቀስ ወሰዳቸው። መጀመሪያ ሰዓቱን ተወ። መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ ጠርጎ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ሳጥን ውስጥ ሲከት አጠገቡ ቆሜ ነበር። ቅዳሜ ብቻ ቀረችው። በሳምንት አንድ ቀን ጺሙን ተላጭቶ፣ ኮቱን ለብሶ፣ እጄን ይዞ ፎቁን ሲወጣ ያው የድሮው ሰውዬ ነበር። ስለዚህ ያን ቅዳሜ ተመልሶ ኮቱን ሳያወልቅ ወንበር ላይ ዘፍ ሲል፣ ክፉ ነገር እንደመጣ ገባኝ።

"ምን ሆንክ?" አልኩት።

"የክብር አባል አደረጉኝ።"

"ታዲያ ጥሩ አይደል እንዴ?"

"የክብር አባል ማለት የሞተ ሰው ማለት ነው" አለ። "ልዩነቱ ሻይ ይጠጣል።"

ቀስ እያልኩ አወጣጣሁት። ሲጫወት ተራው ደርሶ ፈረሰኞቹን ለማግኘት እጁን ሰደድ ሲያደርግ፣ ሳያስበው አንድ ከበሮ መቺ ነካ። ተጋጣሚው ፋርማሲስቱ ነበር። "ነክተኸዋል፤ አንቀሳቅሰው" አለው። ምስኪኑ ከበሮ መቺ ብቻውን ወደ ጠላት መድፍ ዘመተ። በዚያን ቀን ጋሼ አራት ጊዜ ያልፈለገውን ነክቶ፣ አራት ጊዜ ያልፈለገውን አዘመተ። በመጨረሻ ፋርማሲስቱ ተነሥቶ፣ ለስላሳ በሆነች ድምፅ፣ "ለራሱም ክብር ሲባል" የሚል ንግግር አደረገ። በሚቀጥለው ዓመት የተጫዋቾች ዝርዝር ላይ ጋሼ አይኖርም፤ ወንበር ተሰጥቶት ይቀመጥና ያዳምጣል። ፋርማሲስቱን አንቱ የምለው ፊት ለፊት ስንገናኝ ብቻ ነው፤ ያን ቀን ደግሞ ያልኩትን ሁሉ ባልጽፈው ይሻላል።

በማግስቱ ቀጥ ብዬ የማኅበሩ ሊቀመንበር ቤት ሄድኩ። ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው፤ ሁላችንም መምህር ነው የምንላቸው። ደንቡን አምጥተው ያሳዩኝ ዘንድ ለመንኳቸው። መነጽራቸውን አድርገው፣ ጣታቸውን እያስኬዱ አነበቡልኝ።

"ወታደር የነካ ያንቀሳቅሳል ነው የሚለው አይደል?" አልኳቸው።

"አዎ፣ ልጄ።"

"ስለ ዛፍ ምን ይላል?"

መምህር ገጹን ገለጡ፤ መልሰው ገለጡ። "ስለ ዛፍ ምንም አይልም። ዛፍ ተነካ አልተነካ የት ይሄዳል?"

"እንግዲያው ወንድሜ ዛፍና አጥር እየነካ ይጫወት። ጫካው የት፣ አጥሩ የት እንደሆነ በእጁ ካወቀ፣ የቀረውን እናንተ በአፍ ትነግሩታላችሁ፤ እሱም በአፉ ያዛል። ወታደር አይነካም።"

መምህር ብዙ አሰቡ። ቀና ሰው ናቸው፤ ግን ደንብ ይወዳሉ። በመጨረሻ ፈረዱ። ከአራት ሳምንት በኋላ በዓመቱ ዋንጫ ቀን ጋሼና ፋርማሲስቱ ይጋጠማሉ። ጋሼ አንድም ወታደር ሳይነካ ጨዋታውን ከፈጸመ፣ ተጫዋችነቱ ይጸናል። በጣቱ ጫፍ እንኳን አንዱን ከነካ፣ ያው የክብር አባል ነው፤ ከዚያ በኋላ ይግባኝ የለም። "ማሸነፍ አይጠበቅበትም" አሉኝ በር ድረስ ሸኝተውኝ። "ግን የማኅበሩ ዛፎች ሲነኩ ይረግፋሉ። የሚዳሰስ ዛፍ ከየት ታመጫለሽ?"

"እኔ እሠራለሁ" አልኩ፣ አፌን ሞልቼ። ዓይኔ ሲያይ የኖረው ሶፋ ነው። ሶፋ አለብሳለሁ፣ ወንበር እሞላለሁ፤ መርፌ፣ ስፖንጅና ማስቲሽ ከእጄ ተለይተው አያውቁም። ዛፍ ምን ይከብዳል ብዬ ነበር።

ሦስት ቀን ሥራዬን ዘግቼ ዛፍ ሠራሁ። ከመንገድ ዳር የደረቁ አበባዎች ለቀምኩ፤ ራሳቸው ላይ ክብ ብለው የሚዘረጉ፣ ለዓይን ቁርጥ ዛፍ የሚመስሉ። የሻይ ቅጠል አድርቄ፣ ከእንጨት ሥራ ቤት ያመጣሁትን ብናኝ አረንጓዴ ቀለም ውስጥ ነክሬ፣ በማስቲሽ ላይ ነሰነስኩት። ለአጥሩ ቀጫጭን የዛፍ ሥር ቆራርጬ ደረደርኩ። ምን አለፋችሁ፣ እንዲያ ያለ የሚያምር ነገር በሕይወቴ ሠርቼ አላውቅም። ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ ጋሼን ጠራሁት፤ እጁን ይዤ ላያቸው ላይ አስቀመጥኩለት። ምስጋናዬን ለመቀበል ተዘጋጅቼ ቆምኩ።

ጋሼ ዳሰሰ። ተሰበረ። ሌላኛውን ዳሰሰ። ረገፈ። ጣቱን አንሥቶ አሸተተው።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ጫካ ነዋ!"

"ይሄስ?"

"አጥር።"

"ሁለቱም የደረቀ ሰላጣ ነው የሚመስለኝ" አለ። "አንቺ መርፌ፣ ይሄን የሠራሽው ለኔ ነው ወይስ ለፎቶ?"

መርፌ የሚለኝ ሲናደድም ሲወደኝም ነው። እኔ ግን ደሜ ፈላ። "ሦስት ቀን ሙሉ! ጣቴ እስኪላጥ! ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ከእንግዲህ አንድ ቅጠል ብሠራልህ!"

"ተይ፣ ተይ" አለ ረጋ ብሎ፣ "በአንድ ቤት አንድ ግንባር ይበቃል።"

ልስቅ ስል አለቀስኩ። ጥሎኝ ወደ ክፍሉ ገባ። ያን ሁሉ ብናኝ ልጠርግ ስል ግን አንድ ነገር ቆጠቆጠኝ፤ ዓይኔን ጨፈንኩና የተረፉትን ነካኋቸው። እውነቱን ነበር። ጫካው፣ አጥሩ፣ ቁጥቋጦው፣ ሁሉም እጄ ላይ አንድ ዓይነት ቅርጥፍጥፍ ነገር ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ለማያይ ሰው የሚታይ ነገር ስሠራ ኖሬአለሁ። እንዲህ ያለ ጅል ሥራ ስሠራ ማንም ስላላየኝ ደስ አለኝ።

ከማግስቱ ጀምሮ ገበያ ለገበያ ዓይኔን ጨፍኜ ዞርኩ። የምቀልድ እንዳይመስላችሁ። ሱቅ እገባለሁ፣ እቆማለሁ፣ ዓይኔን እጨፍናለሁ፣ እደባብሳለሁ። አውቶቡስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡ ሴትዮ የጃኬታቸው አንገትጌ ጸጉራም ነበርና ሳላስበው እጄን ሰድጄ አሻሸሁት። ዞር ብለው ሲያዩኝ፣ "ይቅርታ፣ ለአጥር ይሆን እንደሆነ እያየሁ ነው" አልኳቸው። በሚቀጥለው ፌርማታ ወረዱ።

የጽዳት ዕቃ ሱቅ ያላት ሴትዮ ደግሞ ከባንኮኒው ጀርባ ሆና ስታየኝ ቆይታ፣ "እህቴ፣ አሞሻል?" አለችኝ። ያን ጊዜ በሁለት እጄ ሁለት ብሩሽ ይዤ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ራሴን እየነቀነቅኩ ነበር።

"ጽድ እየፈለግኩ ነው።"

"ጽድ እንኳ የለንም። መጥረጊያ ነው ያለን።"

ነገሩን ከጥንቱ ጀምሬ ነገርኳት። ስትሰማ ቆይታ፣ ባንኮኒውን ዞራ መጣች፤ እሷም ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ በኋላ ደንበኛ ቢገባ ማን ያስተናግዳል? ሁለታችንም ሱቁን ከጫፍ እስከ ጫፍ ስንዳስስ ዋልን። "ይሄን ያዢ፣ ይሄን!" እያለች ከላይኛው መደርደሪያ የማላውቀውን ሁሉ አወረደችልኝ። የጡጦ ማጠቢያ ብሩሽ አገኘን፤ ጫፉን ሾጠጥ አድርገው ሲቆርጡት፣ ዳሳሽ ሁሉ ጽድ ነው ብሎ የሚምልበት። ከበር ላይ የእግር መጥረጊያ ምንጣፍ በጣት ስፋት ሲሰነጠቅ ደንዳና፣ ቀጥ ያለ፣ ጎንበስ የማይል አጥር ወጣው። ለሾህ አጥሩ፣ ሲላቀቅ ጨርርር የሚለውን የጃኬት መለጠፊያ፣ ሻካራውን ወገን፣ እጥፍ አድርጌ ሰፋሁት፤ ጣት ሲያርፍበት ይይዛል፣ አንድም ሰው አይሳሳተውም። የፍራፍሬ ዛፎቹን ከሶፋ ስፖንጅ ድቡልቡል አድርጌ ቆርጬ ምስማር ላይ ሰካኋቸው። ሁሉንም ችፑድ ላይ በማስቲሽ ተከልኩ፤ በሬ ቢስበው አይነቀልም።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፣ ትልቁ ጫካ። የጦር ሜዳውን ሲሶ የሚይዘው እሱ ነው። ጣት የሚያስገባ ግን የማይሰበር፣ ሲጫኑት የሚዋጥ ግን ሲለቁት የሚመለስ ነገር ያስፈልገኝ ነበር። ስፖንጅ ሞከርኩ፤ ጋሼ "ይሄ ትራስ ነው" አለ። የድስት መፈተጊያ ሽቦ ሞከርኩ፤ ጣቱን ቧጨረው። የገላ መታሻ ሞከርኩ፤ "ገላዬን ልታጠብ ነው ወይስ ልዋጋ?" አለኝ። አሥር ቀን ቀረ። ስምንት ቀረ። እንቅልፍ አጣሁ።

በዚህ መሐል ፋርማሲስቱ ራሱ መጣ። በሰፈሩ ሶፋ አልባሽ እኔ ብቻ ስለሆንኩ የት ይሄዳል? የመድኃኒት ቤቱን አግዳሚ በጋሪ አስጭኖ፣ ልብሱ ተቀዷል፣ ሙሌቱ ጎብጧል፣ በአዲስ ስፖንጅ ሙይልኝ አለ።

"ወንድምሽ እንዴት ነው?" ሲል ጠየቀኝ፣ ያቺን ለስላሳ ድምፁን አውጥቶ።

"ጫካ እየጠበቀ ነው ዶክተር።"

"እኔ እኮ ጠላቱ አይደለሁም። ሰው ፊት እንዳይዋረድ ብዬ ነው።"

"ገብቶኛል፣ ስለ እርስዎ ቸርነት ተነጋግረንበታል" አልኩና አግዳሚውን መቅደድ ጀመርኩ። የድሮ ሥራ ነበር። ልብሱን ስገፈው፣ ከሥሩ አሁን የትም የማይሸጥ ሙሌት ወጣ፤ ቃጫና የፈረስ ጭራ በጎማ ተጣብቆ እንደ ወፍራም ምንጣፍ የተጋገረ። ዓይኔ ያለ ትእዛዝ ተጨፈነ። ጣቴን አስገባሁ። ገባ፤ ገፋኝ፤ ስለቀው ቦታው ተመለሰ።

"ዶክተር፣ አሮጌውን ሙሌት ይወስዱታል ወይስ ይጣል?"

"ስንት ዓመት የበሽተኛ ሁሉ መቀመጫ የነበረ ነገር ምን ያደርግልኛል? ጣይው እንጂ።"

"እግዜር ይስጥልኝ!" አልኩት። እንዲያ ተደስቼ ለምን እንዳመሰገንኩት አልገባውም፤ እያየኝ ወጣ።

ሙሌቱን ሁለት ጊዜ በሳሙና አጠብኩት፤ ምን ያለ በሽተኛ እንደተቀመጠበት ማን ያውቃል። ከአሮጌ የመብራት ገመድ ውስጥ ሽቦ አውጥቼ፣ ጠምዝዤ ግንድና ቅርንጫፍ ሠራሁ፤ ሙሌቱን እየፈተልኩ ጫንኩበት። ዓይን ላላቸው ምስኪኖች ስል አረንጓዴ ቀባሁት። ጋሼ ጣቱን ጫካው ላይ አሳረፈ።

በጣቱ ቀስ ብሎ ወደ ታች ወረደ፣ ግንድ አገኘ፣ ግንዱን ተከትሎ ወጣ፤ ወደ አጥሩ ተሻገረ፤ የሾህ አጥሩ ሲይዘው ፈገግ አለ፤ ጽዶቹን ቆጠረ። አገጩን ቀና አድርጎ፣ ጣሪያውን የሚያይ መስሎ፣ ጣቶቹ ብቻ ይሄዳሉ። ሰዓት ሲፈታ እንዲህ ነበር የሚሆነው። ከሦስት ዓመት በኋላ የወንድሜን ጣቶች ሥራ ላይ አየኋቸው፤ ደስታው ሲበዛብኝ "ማስቲሹን ልክደን" ብዬ ወጥቼ ጓሮ አለቀስኩ።

የዋንጫው ቀን ጠዋት ክፍሉ ጢም ብሎ ሞላ። ከታች ጎሚስታው ጎማ ይደበድባል፣ ከላይ አሥራ ሁለት ሽማግሌ ጉሮሮውን ይጠርጋል። መምህር ዛፎቼንና አጥሮቼን እንደፈለጉ ደረደሯቸው። መሐል ላይ አንድ ወፍጮ ቤት አቆሙ፤ ጨዋታው ሲያልቅ ወፍጮውን የያዘ አሸናፊ ነው። ወታደሮቹ ከመሰለፋቸው በፊት ፋርማሲስቱ ሜዳውን ቆሞ ከላይ ተመለከተው፤ አንድ ደቂቃ አልፈጀበትም። ጋሼ አሥራ አምስት ደቂቃ ሙሉ ዳሰሰ። ከዚያ ወታደሮቹ ተደረደሩ፤ ከዚያ በኋላ የጋሼ እጅ በእሳት መሐል እንደሚሄድ ሆነ።

"ሁለት መድፍ፣ ከወፍጮው ፊት፣ ከሾህ አጥሩ ጀርባ" ይላል ፋርማሲስቱ። ጋሼ በአንድ ጥፍሩ የሾህ አጥሩን ጫፍ ይነካል፣ ይመልሳል፣ ያዛል። "እግረኞቼ በምንጣፉ አጥር ሥር፣ ወደ ፊት አሥር ሴንቲ።" መምህር በማስመሪያ ለክተው ያንቀሳቅሱለታል። አንድ ጊዜ መዳፉ ከአንድ ባንዲራ ያዥ በላይ የጸጉር ያህል ቀርቶት አለፈ፤ እኔ ጥግ ላይ ሆኜ እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። አልነካውም። አንድ ሰዓት አለፈ፣ ሁለት ሰዓት አለፈ፣ አልነካም።

ጨዋታው ግን አልሆነለትም። የፋርማሲስቱ መድፎች የጋሼን እግረኞች አጥሩ ሥር አስተኝተው አስቀሯቸው። ቀና ባሉ ቁጥር ዳይሱ ይጨርሳቸዋል። የቀሩት በግራ በኩል፣ ከትልቁ ጫካ ወዲህ፣ አራት ፈረሰኞች ብቻ ናቸው። ጫካው ሲያዩት ለፈረስ ቀዳዳ የለውም፤ ለመዞር ደግሞ ሦስት ተራ ይፈጃል። መምህር ሰዓታቸውን አይተው፣ "ሁለት ተራ ቀርቷል" አሉ። ፋርማሲስቱ ወንበሩን ሳብ አድርጎ ተቀመጠ። "በርታ እንጂ፤ እስካሁን የነካኸው የለም" አለው ለጋሼ። "በዚሁ ብናበቃው ተጫዋችነትህ ጸና ማለት ነው። ምን ትፈልጋለህ?"

እውነቱን ነበር። ዝም ብሎ ቢቀመጥ የመጣበትን አግኝቷል። እኔም በሆዴ፣ ተቀመጥ ጋሼ፣ በእናትህ ተቀመጥ እያልኩ ነበር።

ጋሼ እጁን ወደ ጫካው ሰደደ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። የአግዳሚው ሙሌት ሃያ አራት ዛፍ አልወጣውም፤ ለአሥራ ስድስት ነው የበቃኝ። ሌላ ከየት ላምጣ? ግንዶቹን አራርቄ ተከልኩና ቅጠሉን ሳብ ሳብ አድርጌ አገናኘሁት። ከላይ ሲያዩት መርፌ የማያስገባ ጫካ ነው፣ ከሥሩ ግን ባዶ ነው። ለማንም አልተናገርኩም፤ ሥራ አጉድዬ ስለማላውቅ አፍሬ ነበር። አሁን የጋሼ ጣቶች ከቅጠሉ ሥር ገብተው ከግንድ ወደ ግንድ ሲሄዱ፣ ጉዴ ፈላ አልኩ፤ ሰው ሁሉ ፊት "ይሄን ጫካ ማነው የሠራው?" ሊል ነው ብዬ ጠበቅኩ።

"ጫካ ስታሽ ልትውል ነው?" አለ ፋርማሲስቱ።

ጋሼ ሁለት ጣቱን ጎን ለጎን አድርጎ፣ እንደሚራመድ ሰው፣ ቀስ እያለ ወደ ውስጥ ዘለቀ። መዳፉ ከቅጠሉ በላይ ቀርቶ፣ ሁለቱ ጣቶቹ ብቻ ቅጠሉን ሰርስረው በግንዶቹ መሐል ሄዱ። ሽማግሌዎቹ ተራ በተራ ተንበረከኩ። ከጫካው ማዶ፣ ከጠርዙ አራት ሴንቲ ርቆ፣ የፋርማሲስቱ አንድ ዘበኛ ጠመንጃውን ወድሮ ቆሟል፤ ቦታውን ሲያቆመው ለጋሼ ነግሮታል። የጋሼ ጣት ከቅጠሉ ሥር ብቅ አለ። ከጠመንጃው ጫፍ ፊት ለፊት ቆመ። አንድ ስንዝር አይደለም፣ ግማሽ ስንዝር አይደለም፤ ጥፍር ነበር የቀረው። ከዚያ ጣቱ ወደ ኋላ ተመለሰ፣ በመጣበት መንገድ፣ አንድም ዛፍ ሳያነቃንቅ ወጣ።

"መምህር" አለ ጋሼ፣ "የፈረሰኛ መቆሚያ ስፋቱ ስንት ነው?"

"ሁለት ሴንቲ ተኩል።"

"ሁለቱ ጣቶቼ ጎን ለጎን ሦስት ሴንቲ ይሞላሉ። አርባ ዓመት የለካሁባቸው ናቸው። አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ ታጥፈው፣ ግንድ ሳይነኩ ወጥተዋል። ፈረሰኞቼ በጫካው ውስጥ ያልፋሉ።"

ፋርማሲስቱ ሳቀ። "በዚህ ጫካ? ዓይን የለንም እንዴ?" ብሎ ገና ሳይጨርስ ደነገጠ።

መምህር ባትሪ አብርተው በሆዳቸው ለመተኛት ምንም ያህል አልቀራቸውም። አንድ ባዶ መቆሚያ በሽቦ ጫፍ ሰክተው በጫካው ውስጥ መግፋት ጀመሩ። ወደ ቀኝ ታጠፈ። ወደ ግራ ታጠፈ። እኔ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ቀላቅዬ ጸለይኩ። መቆሚያው በማዶ በኩል፣ ንጹሕ ሆኖ፣ ብቅ አለ።

"አልፏል" አሉ መምህር። "ጠረጴዛው ላይ ያለው እንዳለ ይቆጠራል።"

ክፍሉ ተናወጠ። አራቱ ፈረሰኞች አንድ በአንድ በጫካዬ ገብተው፣ በመጨረሻው ተራ ከመድፎቹ ጀርባ ወጡ። መድፎቹ ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዙረዋል፤ ለመዞር ጊዜ የላቸውም። ያ ጥፍር ያህል የቀረው ዘበኛ ብቻውን ምን ያድርግ? የቀረው አንድ ውርወራ ነበር፤ አራትና ከዚያ በላይ ከወጣ ወፍጮው የጋሼ ነው። ጋሼ ዳይሱን በመዳፉ ሞቅ አድርጎ ወረወረው። ተንከባለለ፣ ተንከባለለ፣ ከምንጣፉ አጥር ጋር ተላተመና ቆመ።

"ስድስት!" አሉ መምህር፣ ድምፃቸው ተሰንጥቆ።

እኔ ስጮህ ራሴን አልሰማሁትም። ሽማግሌዎቹ ይተቃቀፋሉ፣ አንዱ ባርኔጣውን ወርውሮ አምፖሉን ሊሰብረው ነበር። ጦርነት አልወድም ያልኩት እኔ፣ ጠረጴዛውን በቡጢ እየደበደብኩ ነበር።

ፋርማሲስቱ ግን መነጽሩን አውልቆ ኪሱ ከተተ፣ ዓይኑን ጨፈነና እጁን ወደ ጫካው አስገባ። ግንባሩ ተቋጠረ፣ ጣቶቹ ፈለጉ፣ ተሳሳቱ፣ መልሰው ፈለጉ፤ በመጨረሻ መተላለፊያውን አገኘው።

"እያየሁት እኮ ነው የዋልኩት" አለ፣ ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ልስላሴው ጠፍቶ። "ጋሼ፣ በድዬሃለሁ።"

"ቀስ በል፣ ዛፍ እንዳትሰብር" አለው ጋሼ። "ሠሪዋ ክፉ ናት።"

በዋንጫው ቀን ማብቂያ መምህር የሚቀጥለውን ዓመት ዝርዝር ቆመው ያነባሉ፤ ስሙ የተጠራ ሁሉ ባለበት ሆኖ ይመልሳል። ያን ቀን ወረቀቱን ከፈቱ፣ እስክሪብቶ አውጥተው ከላይ፣ ከሁሉም በላይ፣ አንድ መስመር ጨመሩ።

"ሰዓት ሠሪው!" ብለው ተጣሩ።

ጋሼ ከወንበሩ ተነሣ። ኮቱን አስተካከለ፣ አገጩን ቀና አደረገ።

"አለሁ!" አለ። መስኮቱ ነዘረ። እንዲያ ያለ ድምፅ ከሦስት ዓመት ወዲህ ሰምቼለት አላውቅም።

ጎሚስታው ከታች መዶሻውን ጥሎ፣ "ኧረ ምን ሆናችሁ?" ብሎ ጮኸ። በመስኮት ብቅ ብዬ "አሸነፍን!" አልኩት።

"ማንን?"

"ሁሉንም!" አልኩትና፣ እንባዬን ሳልጠርግ ወደ ወንድሜ ተመለስኩ።